ቀይ አፈር ላይ ዝም አልል ያለው የብረት መፈለጊያ

ባሕር ዳር፣ ግቢ ውስጥ የተቀበረ የብረት ቧንቧ ስንፈልግ መሣሪያው በየእርምጃው እየጮኸ አስቸገረን። ምክንያቱ መሬቱ ነው። የጣና ዙሪያ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ አፈሩም ብረት የበዛበት።

የተቀበረ ብረት የሌለበት ቦታ መረጥኩና የመሣሪያውን ሳህን (መሬት ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጠፍጣፋ ክፍል) ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ ድምፁ እኩል እስኪሆን የመሬት ማመጣጠኛውን (የአፈሩን ድምፅ የሚያጠፋውን ማስተካከያ) በእጅ አስተካከልኩ። ከዚያ ሴንሲቲቪቲውን (መሣሪያው ለትንሽ ምልክት ያለውን ንቃት) ቀነስኩ። ብዙ ሰው መቀነሱን ይፈራዋል፤ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ግን ድምፁ የሚጠራው ሲቀነስ ነው። ብረት የሚዘለውን ማጣሪያም አጠፋሁ፤ የምንፈልገው ብረት ነዋ! ቧንቧው ወዲያው ተገኘ።

ለቧንቧም ለጠፋ ቀለበትም የሚሆን ለሚገዛ፣ በአንዴ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ፣ ዲዲ ኮይል (ሁለት የ“D” ቅርጽ ጥቅል ሽቦ የተደራረበበት ሳህን) ያለው ይሻላል። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው፣ በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራው ዓይነት፣ አፈሩን የበለጠ ይችለዋል፤ ሚስማርን ከቀለበት መለየት ላይ ግን ደካማ ነው።