ስንታረቅም ሆነ ስናስታርቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት» ሲባል ሁላችንም ቂመኛው ሌላ ሰው ይመስለናል። የመጀመሪያው ስህተትም ከዚህ ይመጣል፦ ሌላው መጥቶ እስኪለምነን መጠበቅ። በማቴዎስ 5፥23-24 መባውን መሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው የተቀየመው ሰው አይደለም፤ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ይላል። በምዕራፍ 18፥15 ደግሞ ሂድ የሚባለው ተበዳዩ ነው። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኙ ነበር።

ሁለተኛው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ወንጌሉ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ይላል። እኛ «ጸልዩልኝ» እያልን መጀመሪያ ለጉባኤው እናደርሰዋለን። የምትደበደብን ሴት «ብቻሽን ሄደሽ አነጋግሪው» ማለት ግን ቃሉን ማጣመም ነው።

ሦስተኛው፣ «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» የሚሉት ነገር። «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ጥፋቱን መልሳ ተበዳዩ ላይ ትጥላለች። ቀራጩ ዘኬዎስ በቃል ብቻ አላበቃም፤ በሐሰት የወሰደው ካለ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። አስታራቂዎችም ቶሎ ተቃቅፈው እንዲያበቃ ስንፈልግ ካሳውን ለማንሳት እናፍራለን። ኤርምያስ «ሰላም ሳይሆን ሰላም ሰላም ይላሉ» ያለው እንዲህ ያለውን ነው።

ብዙ ሰው ያቆሰለው ስህተት ግን ይቅርታንና መተማመንን አንድ ማድረግ ነው። «ይቅር ካልከው ለምን ትጠራጠረዋለህ?» ይባላል። ወንድሞቹ ሸጠውት ግብፅ ውስጥ ባለ ሥልጣን የሆነውን ዮሴፍን እንይ። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ገና በመጀመሪያው ጉዟቸው ስለ በደላቸው ሲነጋገሩ ሰምቶ ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ልቡ ተነክቷል። ሆኖም ማንነቱን አልገለጠም። ስምዖንን አሰረ፣ ብንያምን አስመጣ፣ የሰረቀ እንዲመስልም ጽዋውን በብንያም ስልቻ ውስጥ አስደበቀ። አንድ ጊዜ ወንድሙ እንዲሸጥ ሐሳብ ያቀረበው ይሁዳ አሁን «በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ሲል ነው ዮሴፍ መታገሥ ያቃተው። ይህን ቂም የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ጊዜ የሰጠ ፍቅር ይመስለኛል።

ያም ሆኖ አላለቀም። አባታቸው ያዕቆብ ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት ወንድሞቹ «ምናልባት ዮሴፍ ይጠላን ይሆናል» ብለው መልእክት ላኩበት። ዮሴፍም ሲሰማ እንደገና አለቀሰ።