ሰብዉፈርን ከትናንሽ ስፒከሮች ጋር እንዴት ማዋሃድ ይቻላል?

ባለ 4 ወይም ባለ 5 ኢንች ስፒከሮች የዘፋኙን ድምፅ፣ ክራሩንና ሳክስፎኑን ጥርት አድርገው ያሰማሉ፤ ድምፁ ከ70 ወይም ከ80 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) በታች ሲወርድ ግን አብዛኞቹ አቅም ያጥራቸዋል። የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ሳይጫኑት ሲመታ 41 ሄርዝ አካባቢ ስለሚሰማ፣ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው ክፍል በከፊል ሳይሰማ ያልፋል። ሰብዉፈር፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ (ቤዙን) ብቻ የሚያሰማ ስፒከር፣ የሚገዛው ይህን ለመሙላት እንጂ ቤት ለማናወጥ አይደለም። በትክክል የተዋሃደ ሰብዉፈር ከየት እንደሚጮህ አይታወቅም፤ ትናንሾቹ ስፒከሮች ራሳቸው የተለቁ ይመስላል።

ማገናኘቱ ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩ የሰብዉፈር መውጫ ካለው አንድ አርሲኤ ኬብል (ክብ ጫፍ ያለው የድምፅ ኬብል) ይበቃል። ከሌለውና ሰብዉፈሩ የስፒከር ሽቦ የሚቀበል ከሆነ፣ ኃይሉን አጥፍቶ ከስፒከር መውጫው ሌላ ጥንድ ሽቦ በመሳብ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማሰር ይቻላል። ሁለቱን መሣሪያዎች ከአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን የ50 ሄርዝ እምምታ ይቀንሳል። እምምታውን ለማጥፋት የኧርዝ መስመሩን መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ዋናው ሥራ ቦታ መምረጥ ነው። በብዙ የአዳማ ሳሎኖች ሰብዉፈሩ የሚቀመጠው ከቡፌው ጎን ባለው ጥግ ነው፤ ክፍት ቦታ የሚገኘው እዚያ ነውና። ጥግ ድምፅን ያጎላል፤ ሁሉንም ኖታ እኩል ግን አያጎላም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ በሆነ ቤት ውስጥ ዝቅተኛ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች መካከል 4 ሜትር ያለው ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያሳብጠዋል፤ ሶፋውን ከአንደኛው ግድግዳ አስጠግቶ የተቀመጠ ሰው በኃይል ሲሰማው፣ መሃል ላይ የቆመው ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። አንዱ ኖታ እንደ ነጎድጓድ ወጥቶ ተከታዩ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ድምፅ በመጨመር ይህን ማስተካከል አይቻልም፤ ያበጠው የበለጠ ያብጣል እንጂ።

መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ ነው። ሰብዉፈሩን እርስዎ በሚያዳምጡበት ሶፋ ላይ ያስቀምጡትና የቤዝ ጊታሩ በግልጽ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ዘፈን ደጋግመው ያጫውቱ። ከዚያም ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ጆሮዎን ሰብዉፈሩ በሚቆምበት ከፍታ ዝቅ አድርገው፣ ከጥጉ ጀምሮ ግድግዳውን ተከትለው ክንድ ያህል እየተጓዙ ያዳምጡ። ጥጉ ላይ ያጓራ የነበረው ኖታ እየረጋ፣ ጠፍቶ የነበረውም ብቅ እያለ ይመጣል። ኖታዎቹ ሁሉ ተቀራራቢ ጉልበት ይዘው የሚሰሙበት ነጥብ ላይ ሲደርሱ ምልክት ያድርጉና ሰብዉፈሩን እዚያ ያቁሙት። በአዳማ ሙቀት በርና መስኮት ተከፍቶ ስለሚዋል፣ ይህን ሁሉ ሲያደርጉም ዘወትር እንደሚያዳምጡት ከፍተው ይሁን፤ በር ሲዘጋ የቤዙ ሁኔታ ይለወጣል።

የክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ሰብዉፈሩ እስከ ስንት ሄርዝ ያለውን ድምፅ እንደሚያሰማ የሚወስነውን፣ ማዞሪያ ከ80 ሄርዝ ይጀምሩ። አምፕሊፋየሩ ድምፁን ራሱ ከፍሎ የሚልክ ከሆነ የሰብዉፈሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሁለት ማጣሪያዎች ተደራርበው መሃሉን ባዶ ያደርጉታል። ትናንሾቹ ስፒከሮች ሳይከፈል ሙሉውን ድምፅ የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ 60 ወይም 70 ሄርዝ ይሻላል። ለመፈተሽ የወንድ ዜና አንባቢ ድምፅ ይክፈቱ፤ ንግግሩ ወፍሮ ከሰብዉፈሩ አቅጣጫ የሚመጣ ከመሰለ ማዞሪያው በጣም ከፍ ብሏል።

ፌዙን (የሰብዉፈሩና የስፒከሮቹ ንዝረት እኩል መግፋቱንና መሳቡን የሚያስተካክለውን ማብሪያ) ብዙ ሰው ሳይነካው ያልፋል፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ምንም ወጪ የለውም። ክሮስኦቨሩ 80 ሄርዝ ከሆነ የ80 ሄርዝ ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ከተገናኘ ስልክ ያጫውቱ፤ እርስዎ ከቦታዎ ሳይነሱ ሌላ ሰው የፌዙን ማብሪያ ከ0 ወደ 180 ይለውጥ። ድምፁ ጎላ ብሎ የተሰማበት ትክክለኛው ነው። የ80 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሰብዉፈሩ ከስፒከሮቹ ይልቅ 2 ሜትር ያህል ቢርቅ እንኳ አንዱ የሚገፋውን ሌላው እየሳበ ሊጠፋፉ ይችላሉ።

የሰብዉፈሩ ድምፅ መጠን የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው። ከዜሮ ተነሥተው ዘፈኑ ሙሉ እስኪሆን ብቻ ይጨምሩ፤ ሰብዉፈሩ ሲጠፋ ጉድለቱ ሊሰማ ይገባል፣ ሲበራ ግን ራሱን ችሎ መሰማት የለበትም። የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሰሙ ሰብዉፈሩን ከመጠራጠርዎ በፊት የቡፌውን መስታወትና ብርጭቆዎቹን በእጅ እየያዙ ይፈትሹ፤ ሲያዝ ዝም ያለው ዕቃ ሲገኝ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ያድርጉለት። ሶፋው ወይም ቡፌው ቦታ ከለወጠ ፌዙንና የድምፁን መጠን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።