ያገለገለ መኪና ገዝተው ሲንቀጠቀጥብዎ የንዝረቱን ምንጭ እንዴት ይለያሉ?

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ንዝረቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው። የሙከራው ጉዞ አጭርና ዝግ ያለ ስለሚሆን፣ ሻጩም አጠገብ ተቀምጦ ስለሚያወራ፣ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ካላለፈ ራሱን የማይገልጥ ንዝረት በቀላሉ ተሸፍኖ ያልፋል። አዲሱ ባለቤት በዚያ ላይ የመኪናውን ጤነኛ ጠባይ አያውቀውም። ችግሩ ትናንት የመጣ ይሁን ለዓመታት የኖረ ስለማይለይ ጋራዥ ገብቶ «ይንቀጠቀጣል» ብቻ ይላል፤ መካኒኩም ከልምዱ የጠረጠረውን ዕቃ ይቀይርለታል። በግምት ዕቃ እየቀየሩ መፈለግ ግን ከምርመራ ዘዴዎች ሁሉ ውዱ ነው።

መፍቻ ከመነሣቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ንዝረቱ ምንን ተከትሎ ይመጣል የሚለው ነው፦ የመኪናውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙር፣ የነዳጅ ፔዳሉን ወይስ ፍሬኑን? ዙሪያው 2 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። የኋላ ጎማዎቹ በሚገፉት መኪና ላይ ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ማለትም ትራንስሚሽኑ፣ ብዙውን ጊዜ ከጎማው 3 ወይም 4 እጥፍ ይፈጥናል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ያለ ሞተር ደግሞ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። በዚህ ምክንያት የጎማ ንዝረት እጅን የሚያወዛውዝ ጎላ ያለ መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ የዘንግና የሞተር ንዝረት ወለሉንና መቀመጫውን የሚያስጎመጉም ደቃቅ ነው። ንዝረትን በሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ የሚለኩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ይዞ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ 14 ገደማ ካነበበ ምርመራዎን ከጎማ ይጀምሩ።

የመጀመሪያው ሙከራ መኪናው ቆሞ የሚደረግ ነው። ሞተሩን አሙቀው በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙሩ፣ ይተዉት፤ ከዚያም በዜሮ ማርሽ ነዳጅ እየሰጡ ዙሩን ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት። ንዝረቱ እዚያው ከተሰማ ጎማና ዘንግ ነጻ ናቸው፣ ምክንያቱም አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ቆሞ ጸጥ ካለና በጉዞ ላይ ብቻ ከመጣ፣ ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ንዝረቱ ወደሚታይበት ፍጥነት ይድረሱና ማርሹን ወደ ዜሮ መልሰው መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ያድርጉ። ቁልፉን ግን በፍጹም አያጥፉ፤ ሞተሩ ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ እገዛ አብሮ ይሄዳል። የሞተሩ ዙር ወርዶ ንዝረቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ምንጩ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚዞር ነገር ነው። እግርዎን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሡ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት የሚታመም መጋጠሚያ ይጠርጥሩ።

ጎማ ላይ ረዘም አድርጌ የምቆየው አብዛኛው የፍጥነት ንዝረት በመጨረሻ እዚያ ስለሚገኝ ነው። መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊት ጎማዎችን፣ መሪው ጸጥ ብሎ መቀመጫው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የኋላዎቹን ያስቀድሙ። የባላንስ ጉድለት፣ ማለትም የጎማው ክብደት በዙሪያው እኩል አለመከፋፈሉ፣ በተለይ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት መካከል ይጎላል፤ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ በላይ ሲነዳ መልሶ ይለዝባል። የቸርኬውን የውስጥ ገጽ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፦ የተለጠፈ የባላንስ ክብደት የወደቀበት ቦታ ላይ ንጹሕ አራት ማዕዘን ምልክት ይቀራል። እኔ ራሴ ከገዛኋቸው መኪኖች በአንዱ ላይ ሁለት የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩን በቦታው የሚይዝ የላስቲክ ድጋፍ) ካስቀየርኩ በኋላ ነበር ጎማውን ያወረድኩት፤ ከቸርኬው ውስጥ መዳፍ የሚሞላ ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ተጣብቆ አገኘሁ። በጠፍጣፋ ብረት ፍቄ ሳወርደው ንዝረቱ አብሮ ወረደ። ባላንስ ለማስተካከል የሚለጠፈው ክብደት በጥቂት አሥር ግራሞች የሚቆጠር መሆኑን ያሰበ ሰው ያ ጭቃ ያደረገውን አይደነቅበትም።

ከዚያ ጎማውን ራሱን በእጅዎ ይዳብሱት። ጎኑ ወይም መርገጫው ላይ እብጠት ካለ የውስጥ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጎማ በዝግታ፣ በ20 ወይም በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ባላንስም አያድነውም። ሊፈነዳ ስለሚችል ምርመራውን እዚያው አቁመው ይቀይሩት። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም ያንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። መርገጫው አዲስ የሚመስል ጎማ ዕድሜው የገፋ ሆኖ መገኘቱ በተሸጡ መኪኖች ላይ ብርቅ አይደለም። መኪናው ለሽያጭ ለወራት ቆሞ ከነበረ ጎማው መሬት በነካበት በኩል ጠፍጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጎማው ሲሞቅ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ የሚለዝብ ንዝረት ነው፣ ካልለዘበ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ነው።

ባላንስ ተሠርቶም ንዝረቱ ካልጠፋ ቸርኬው በሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው በሚታሰርበት የመካከል ክፍል ላይ፣ እንዴት እንደተቀመጠ ይመልከቱ። የቀድሞው ባለቤት ለውበት ሲል የቀየረው ቸርኬ የመካከል ቀዳዳው ከሞዞው ሊሰፋ ይችላል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ቀለበት ከሌለ ጎማው በትክክል መሐሉን ሳይይዝ ይታሰራል። በሁለቱ መካከል የገባ ዝገትም ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል። ዳዶዎቹን በዙሪያ ተራ ሳይሆን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በአምራቹ መመሪያ ልክ ያጥብቋቸው። ጥርጣሬው ካልተወዎት የፊቶቹን ጎማዎች ከኋላዎቹ ጋር ያለዋውጡ፤ ሁሉም አንድ መጠንና ዓይነት እስከሆኑ ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ ሙከራ አላውቅም። ንዝረቱ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከተዛወረ ጥፋተኛው ተይዟል።

ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚመጣ ንዝረት የተለየ ጉዳይ ነው። መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ከተርገበገበ የዲስኩ ውፍረት በዙሪያው እኩል አይደለም፤ ለዚህም የሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍሎች ይበቃሉ። በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሲሠራ የሚሰማው ምት ግን ጤነኛ ስለሆነ በእርጋታ ይዘው ይፈትሹ።

ነዳጅ ሲሰጡ መጥቶ ሲለቁ የሚጠፋው ንዝረት፣ የፊት ጎማዎቹ በሚጎትቱት መኪና ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከካምቢዮ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው አጭር ዘንግ የውስጥ መጋጠሚያ መበላቱን ያመለክታል። ጎማው በኩል ያለው የውጭ መጋጠሚያ ግን የሚታወቀው መሪ ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ሲነዳ በሚያሰማው ቀጭ ቀጭ ድምፅ ነው። ትራንስሚሽን ባለው መኪና ላይ ክሮቼራዎቹን፣ ማለትም በዘንጉ ላይ ያሉትን የመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያዎች፣ በእጅ እየነቀነቁ ይፈትሹ። ትራንስሚሽኑ በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ ደግሞ ሁለቱ ጫፎች በቀድሞው አቅጣጫቸው መገጠማቸውን ይጠይቁ፤ ምልክት ሳያደርጉበት የፈቱት ዘንግ ሁሉም ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይንቀጠቀጣል። በአውቶማቲክ መኪና፣ በቀላል ነዳጅ ሲነዱ፣ በተሰነጣጠቀ መንገድ ላይ የመሄድ ያህል ለጥቂት ሴኮንዶች የሚሰማ መርገፍገፍ ከቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮ ከሚያስተላልፈው ክፍል) ወይም ካረጀ የካምቢዮ ዘይት ሊመጣ ይችላል።

ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና ማርሽ ሲገባ ብሶ በዜሮ ማርሽ ከቀለለ የሞተር ጎሚኒዎቹን ይመልከቱ። ሞተሩ ምት እየዘለለ ከሆነ ግን ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ቦቢና ይቀድማሉ፤ የምርመራ መሣሪያው ፒ0301 የሚል ኮድ ካሳየ ምት የሚዘለው የመጀመሪያው ሲሊንደር፣ ፒ0302 ካሳየ ሁለተኛው ነው። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መንዳትዎን ያቁሙ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን እያቃጠለ ነው።

ወደ ጋራዥ የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ይሁን፣ በወረቀት የተጻፈ ነገር ይዘው። «ከ95 እስከ 105 ላይ መቀመጫው ይንቀጠቀጣል፣ በዜሮ ማርሽም አይለወጥም፣ ፍሬን አይለውጠውም፣ ጎማ ከተለዋወጠ በኋላ ወደ መሪው ተዛውሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር የመካኒኩን የግማሽ ቀን ሥራ ይቆጥባል። ከተቻለም መሪውን ለእርሱ ይስጡትና እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ንዝረቱ በጀመረበት ቅጽበት «ይኸው» ይበሉት።