ሾርትከት ወይስ ማውስ? አማርኛ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ባለጉዳይ አጠገብ ቆሞ እየጠበቀ ነው ውሉም ማመልከቻውም የሚጻፈው። ጥድፊያው ያለ ነው። ግን ፍጥነት የሚገኘው የትኛው ሥራ ለጣት (ለሾርትከት፣ ማለትም በኪቦርድ ቁልፎች ለሚሰጥ ትእዛዝ)፣ የትኛው ለማውስ እንደሚቀል በመለየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት በማይክሮሶፍት ወርድ አማርኛ ሲጻፍ የሚያጋጥሙ ስህተቶች ናቸው።

ሪፕሌስ ኦልን አምኖ መጫን

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የቤት ኪራይ ውል ተጽፎ ካለቀ በኋላ ባለጉዳዩ «ተከራይ የሚለው በሙሉ ውል ተቀባይ ይሁንልኝ» አለ እንበል። ኮንትሮልና ኤች ተጭነው ሪፕሌስ ኦል (ሁሉንም በአንዴ ቀይር) ሲሉ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው አራቱን ፊደላት እንጂ ቃሉን አይደለም። ስለዚህ «ቤቱን ተከራይቻለሁ» የነበረው «ቤቱን ውል ተቀባይቻለሁ» ይሆናል። «ተከራዩ» ደግሞ መጨረሻው «ዩ» ስለሆነ ሳይነካ ይቀራል፤ አንዱ ሰው በአንድ ውል ውስጥ ሁለት ስም ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የሚለውን ምርጫ ማብራትም አያድንም። አማርኛ «ለ»ን፣ «የ»ን፣ «ከ»ን ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ «ለተከራይ» እና «የተከራይ» ይታለፋሉ። መጀመሪያ ሴቭ ያድርጉ፤ በኮንትሮልና ሆም ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ይመለሱ፤ ከዚያ ኮንትሮልና ኤች ተጭነው ሁለቱን ቃላት ይጻፉና በአልትና ኤፍ አንድ በአንድ እያዩ የሚቀየረውን ብቻ በአልትና አር ይቀይሩ። «ተከራዩ»ን ለብቻው ይፈልጉት። «ሥራ»ን ሲፈልጉ «ስራ» እንደማይመጣም አይርሱ፤ ሁለቱንም በየተራ መፈለግ ግድ ነው። ሪፕሌስ ኦል ተጭነው ከተበላሸ ሌላ ነገር ሳይነኩ ኮንትሮልና ዜድ አንዴ ሲጫኑ ሁሉም ይመለሳል።

ሴቭ ማድረግን ለመጨረሻ ማቆየት

ማውሱን ይዞ ሜኑ መክፈት ስለሚያሰለች ብዙ ሰው «ስጨርስ» ይላል። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ሲጠፋ ግን የሚተርፈው ወርድ ራሱ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም። አዲስ ፋይል እንደከፈቱ ኤፍ 12 ተጭነው ስም ይስጡት። ከዚያ አንቀጽ በጨረሱ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስ።

በኢንተርና በስፔስ ቦታ መሙላት

ቀጣዩን ገጽ ለመጀመር ኢንተርን ሃያ ጊዜ መምታት ከታይፕራይተር የመጣ ልማድ ነው። ባለጉዳዩ አንድ መስመር ካስጨመረ ርዕሱ ወደ ገጹ መሃል ይንሸራተታል። ኮንትሮልና ኢንተር አንዴ ይበቃል። የምስክሮችን ፊርማ በስፔስ ማስተካከልም እንዲሁ ነው፤ ፎንት ሲቀየር መስመሩ ይዛባል። እዚህ ላይ ማውሱ ይሻላል፦ ከላይ ባለው ማስመሪያ ላይ ፊርማው እንዲያርፍ የሚፈልጉበትን ቦታ ክሊክ አድርገው ታብ ይጫኑ።

ብዙ ገጽ በማውስ ጎትቶ መምረጥ

ገጹ በፍጥነት ይሸሻል፤ ጎትተው የሚመርጡ ሰዎች የመጨረሻዋን «።» ጥለው መቅረታቸውም የተለመደ ነው። መጀመሪያው ላይ ክሊክ አድርገው፣ መጨረሻው ላይ ሺፍትን ይዘው ክሊክ ያድርጉ። ለጥቂት ቃላት ኮንትሮልና ሺፍት ይዘው የቀስት ቁልፍ ይጫኑ። እጅዎ ስቶ በኮንትሮል ፈንታ አልትን ከሺፍት ጋር ከነካ ኪቦርዱ ቋንቋ ሊቀይር ይችላል፤ እየጻፉ ድንገት የላቲን ፊደል ከመጣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ያው ቁልፍ ይመልሰዋል።

የሾርትከት ዝርዝር መሸምደድ

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። ለምሳሌ ሺፍትና ኤፍ 3 ትልቅና ትንሽ ፊደል ይቀያይራል፤ ፊደላችን ይህ ልዩነት ስለሌለው ለአማርኛ አይጠቅምም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት፣ ያውም በየቀኑ የሚሠሩበትን ብቻ ይያዙ። ማውሱን አንድ ምልክት ላይ አሳርፈው ትንሽ ከቆዩ ወርድ ስሙንና ሾርትከቱን ያሳይዎታል። የሠንጠረዥ ዓምድ ማስፋት፣ ፎቶ ማስቀመጥና የገጽ ጠርዝ መወሰን በማውስ ቢሠሩ የሚባክን ጊዜ የለም።