የስዊድን የሙዚቃ ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም፦ ችግርና መፍትሄ

ስዊድን ያደጉ የሐበሻ ልጆች እንግሊዝና አሜሪካ ላሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ሲያመለክቱ ወረቀታቸው እኔ ጋ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በማሽን ተተርጉሞ ከተበላሸ በኋላ። ስምና የልደት ቀን አመሳክሩ አልላችሁም፣ እሱን ታውቃላችሁ።

ምልክት፦ ልጁ የሚጫወተው በአንድ ቁልፍ (የሙዚቃ ኪይ)፣ ትርጉሙ የሚለው ሌላ ቁልፍ

ምክንያት፦ ስዊድኖች የኖታ ስም የሚጠሩት እንደ ጀርመኖች ነው። «ሆ» (H) የሚሉት ፊደል የእንግሊዝኛው ቢ ነው፣ «ቤ» (B) የሚሉት ደግሞ ቢ ፍላት፣ ማለትም ከቢ ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለው። ስለዚህ ሆ ሞል ቢ ማይነር፣ ቤ ዱር ቢ ፍላት ሜጀር ይሆናል። ሆ እንዳለ ቢቀር እንኳ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚባል ኖታ ስለሌለ አንባቢው ግራ ገብቶት ይጠይቃል። ጉዱ ያለው ቤ ላይ ነው። በእንግሊዝኛም ያለች ፊደል ስለሆነች ሳትነካ ብታልፍ ማንም አይጠረጥርም።

አንዲት ዘፋኝ ለድምፅዋ የተመቻት ቤ ዱር ነበር፤ ዝርዝሯ ላይ «ቢ ሜጀር» ተብሎ ተላከ። አጃቢው ፒያኒስት በ5 ሻርፕ (ድምፅን ግማሽ ከፍ የሚያደርግ ምልክት) ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ እሷ የያዘችው ባለ2 ፍላቱን። ግማሽ ድምፅ ከፍ ብላ፣ ያውም ፈታኞች ፊት! ሌላው ክላሪኔት የሚነፋ ልጅ ነው፤ የቢ ፍላት ክላሪኔቱ «ቢ ክላሪኔት» ተብሎ ማህተም ተመቶበት መጣ። ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ የሚሠራ ሰው ኖታ የሚያነብ አንድ ሰው መጠየቅ ምን ይከብደዋል?

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሰነዱ ውስጥ ሆ ፈልጉ። ካለ፣ ቤው ቢ ፍላት ነው፣ አለቀ። ከሌለ ተጠንቀቁ፦ በጃዝና በፖፕ ብዙዎቹ ዛሬ የእንግሊዝኛውን አጠራር ይከተላሉ። ያኔ ኖታውን አስልኩና መጀመሪያው ላይ ያሉትን ሻርፖች ወይም ፍላቶች ቁጠሩ። ሜጀር ከሆነ 2 ፍላት ቢ ፍላት ነው፣ 5 ሻርፕ ቢ። ማይነር ከሆነ 5 ፍላት ቢ ፍላት ነው፣ 2 ሻርፕ ቢ። ኖታው ሳይታይ በግምት አትጻፉ። ደግሜ እላለሁ፣ በግምት አትጻፉ።

ምልክት፦ የዩኒቨርሲቲው ነጥብ አነሰ፣ ወይም ከልክ በላይ በዛ

ከሐምሌ 2007 (በፈረንጆች) በፊት የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 40 ነጥብ ነበር፤ አሁን 60 ነው። የድሮውን እንዳለ ጻፉና በ1.5 እንደሚባዛ በግርጌ አስረዱ። የዪምናሲየሙ (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ) 2500 ነጥብ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አታድርጉት።

ምልክት፦ ትምህርት ቤቱ ሌላ ነገር ሆነ

ዪምናሲየም የስፖርት አዳራሽ አይደለም፣ አፐር ሰከንደሪ ስኩል ነው። ፎልክሆግስኩላ ፎልክ ሃይ ስኩል ይባላል፤ ግን ለአዋቂዎች መሆኑን በግርጌ ካልጻፋችሁ ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ሁለቴ የተማረ ይመስላል። ኩልቱርስኩላ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የማዘጋጃ ቤት ትምህርት ነው፤ ዲግሪ አይሰጥም።

«የሆርስሌራ» የሚባለው ትምህርት ኢር ትሬኒንግ ነው፣ ሙዚቃን በጆሮ የመለየት ልምምድ፤ ማሽኑ ከጆሮ ሐኪም ትምህርት ጋር ያደባልቀዋል። ፍየርደዴልስኖት (የሩብ ርዝመት ኖታ) ለአሜሪካ ኳርተር ኖት፣ ለእንግሊዝ ክሮቼት። ታክት (በሁለት ቋሚ መስመር መካከል ያለው የኖታ ክፍል) ለአሜሪካ ሜዠር፣ ለእንግሊዝ ባር። ሁለቱን አገር አንድ ወረቀት ላይ አትቀላቅሉ።

የድሮዎቹን የውጤት ፊደላት በራሳችሁ ወደ ኤ እና ቢ አትቀይሩ፤ ምዘናው የተቀባዩ ትምህርት ቤት ሥራ ነው። ተቀባዩ የተረጋገጠ ትርጉም ከጠየቀ ደግሞ የካማርኮሌጌት (ለተርጓሚዎች ፈቃድ የሚሰጠው የስዊድን መንግሥት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ጋ ሂዱ፤ እሱ ሆና ቤን ማወቁን ግን ገንዘቡን ሳትከፍሉ ጠይቁት።