የጠፋ ወንዝን በውዝዋዜ ለማሳየት

ስለጠፋ ወንዝና ስለ መንፈሶቹ የውዝዋዜ ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመንፈሱ አልባሳት ይጀምራል። እኔ ግን ከውሃው መንገድ እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጅማ ውስጥ ከሆኑ ተወዛዋዦችዎን ይዘው የአዌቱን ወንዝ ከከተማው መሀል ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ በእግር ይከተሉ፤ አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ አንድ ጊዜ በጥር። አዌቱ ዛሬም ይፈሳል፤ ሆኖም ቆሻሻ የተጫነው ውሃ እንዴት እንደሚደክም ስለሚያሳይ፣ ቤትና መንገድ የተሠራባቸውን ትናንሽ ጅረቶች ለማሰብ ይረዳል። በሰፈሩ የኖሩ እናቶችን ድሮ ልብስ የት ያጥቡ እንደነበር ይጠይቁ። አንዲት እናት ነጠላ ሲጨምቁ አንዱ ክርናቸው ወደ ጎድን ይጠጋል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ትከሻቸውም ዘግይቶ ይከተላል፤ ከዚህ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ የሦስት ደቂቃ ውዝዋዜ ይወጣል።

በመንፈሶቹ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢሬቻ በውሃ ዳር ቢከበርም ምስጋናው ለዋቃ፣ ማለትም ለፈጣሪ፣ እንጂ ለወንዙ አይደለም፤ አቴቴም የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው የሚለምኑበት ሕያው ሥርዓት ነው። ስለዚህ የጸሎቱን ዜማና ቃል ወደ መድረክ ከማምጣት ይልቅ የራስዎን መንፈስ ከውሃው ጠባይ ይፍጠሩ፤ አንዱ ድንጋይ የሚዞር፣ አንዱ ሥር ለሥር የሚሄድ፣ አንዱ ቆሞ የሚሸት ይሁን።

መጥፋቱን የሚያሳየው ወለሉ ነው። የወንዙን ሁለት ዳር በገመድ ምልክት አድርገው በአራት ሜትር ስፋት ይጀምሩ፤ ከዚያም ገመድ ያዦቹ ቀስ በቀስ እያቀራረቡት በመጨረሻ አንድ እርምጃ ብቻ ይቅር። ተወዛዋዦቹ እንቅስቃሴውን ሳይቀንሱ በጠበበው ቦታ ለመጨረስ ሲታገሉ ተመልካቹ ያለ ምንም ትረካ ይረዳል። ሰማያዊ ጨርቅ አይጠቀሙ፤ እኛ በመጀመሪያው ትርኢታችን ዘርግተነው ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት "ይህ የእኛ ወንዝ አይደለም" አሉን፤ እውነታቸውን ነበር፣ የክረምት ውሃችን ቀይ ነው። በነጭ ነጠላ ላይ ቀይ አፈር መበጥበጥ ይሻላል።

ከበሮው ገመዱ ሁለት ሜትር ሲደርስ ዝም ይበል፤ ከዚያ በኋላ የባዶ እግር ድምፅና ከጀሪካን ወደ ሳፋ የሚንቆረቆር ውሃ ብቻ ይሰማ። የአዌቱ ውሃ በግልገል ጊቤ አድርጎ ኦሞን ይቀላቀላል፣ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ይገባልና፣ መንፈሶቹ መድረኩ ላይ ከሚሞቱ ይልቅ በተመልካቹ መሀል አልፈው በደቡብ በኩል ባለው በር ይውጡ፤ ሳፋው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስም መብራቱ አይጥፋ።