«እማዬን ነርሲንግ ሆም ላስገባት ነው?»

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባሉ የአረጋውያን መኖሪያዎች በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ስሠራ 14 ዓመቴ ነው፤ አብዛኛው በማታ ሺፍት። ሥራዬን ያወቀ ሐበሻ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ይዞ ይህንኑ ይጠይቀኛል። እኔም መልሼ «ለብቻቸው ምን ያቅታቸዋል?» እላለሁ።

እኛ ሁሉንም «ነርሲንግ ሆም» ብለን ስለምንጠራው እንጂ ደረጃው ብዙ ነው። ደረጃውን የሚወስነው ደግሞ ዕድሜ ሳይሆን እነዚህ ስድስት ነገሮች ናቸው፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ተነስቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ በራስ እጅ መጉረስ። አንድ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ እዩ። መጠየቅ አያዋጣም፤ የሐበሻ እናት ስትጠየቅ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሷ። የኔዋ «ታጠብኩ» ስትለኝ ፎጣዋን ብዳብሰው ደረቅ ነበር።

ስድስቱንም የሚችሉና ብቸኝነት ብቻ ያስቸገራቸው ከሆኑ ደይ ኬር ይበቃቸዋል። ጠዋት ቫን ይወስዳቸዋል፣ ምሳ በልተው፣ ተጫውተው፣ ከሰዓት ይመለሳሉ። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለበትን ፈልጉ። የአረጋውያን አፓርታማም አለ፤ የራሳቸው ቁልፍ፣ የራሳቸው ወጥ ቤት፤ ግን የሚያጥባቸው ሰው የለም። ወረፋው ረጅም ነውና ሳይቸግራችሁ ተመዝገቡ።

አንድ ሁለቱ ሲያቅታቸው ሆም ኬር ይመጣል፤ አይዳ፣ ማለትም ተንከባካቢ ሠራተኛ፣ ቤት ድረስ መጥታ በሰዓት ታግዛለች። በብዙ ስቴቶች ልጅ ራሱ እየተከፈለው ወላጁን የሚንከባከብበት የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ፕሮግራም አለ። ይህን ሳያውቅ ሥራውን ለቅቆ በነጻ ሲደክም የኖረ ስንት ሰው አይቻለሁ።

ቀጥሎ አሲስትድ ሊቪንግ ነው። የራሳቸው ክፍል አላቸው፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣቸዋል፣ ያጥቧቸዋል። እዚህ ሜሪላንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙም ፈቃድ ያላቸው አሉ። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ኪራዩን አይከፍልም፤ ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ወጥቶ እንዳይጠፋ በሩ በኮድ የሚከፈተው ክፍል ሜሞሪ ኬር ይባላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስትጎበኙ የሎቢው አበባ አያታልላችሁ። እሑድ ማታ ሂዱና ኮሪደሩን አሽትቱ፤ «ማታ ስንት ሠራተኛ ለስንት ነዋሪ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።

ነርሲንግ ሆም ቀንና ሌሊት ነርስ ለሚያስፈልገው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። አንደኛው ሪሃብ፣ ማለትም ከሆስፒታል ወጥተው እስኪያገግሙ የሚሰጥ ሕክምና፣ ነው፤ መደበኛው ሜዲኬር እስከ 100 ቀን ያግዛል፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የእናንተ ድርሻ አለ። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው መኖር ነው፤ ይህን ሜዲኬር አይከፍልም፣ ሜዲኬይድ ነው የሚከፍለው። ሜዲኬይድ ደግሞ በአብዛኛው ስቴት የ5 ዓመት ሰነድ ወደ ኋላ ይመረምራል፤ ቤቱን ዛሬ በልጅ ስም አዛውሮ ነገ ማመልከት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ ሆስፒታል አራት ሌሊት አደረች። አልጋ ላይ ናት፣ ግሉኮስ ተሰክቶላታል፤ እኔም ተኝታ እየታከመች መስሎኝ። ለካ ወረቀቱ ላይ «ለክትትል» ተብላ ነው የተመዘገበችው! ሜዲኬር ሪሃቡን የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን በተከታታይ እንደ ተኝቶ ታካሚ ለተመዘገበ ሰው ነውና ሂሳቡ እኛው ላይ ወደቀ። በሥራው ውስጥ ሆኜ ይህን አለመጠየቄ አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሶሻል ወርከሯን «ኢንፔሸንት ናት ወይስ ኦብዘርቬሽን?» በሏት። ቃሉን በእንግሊዝኛው ያዙት።

ወላጆቻችሁን በቅርቡ በግሪን ካርድ ያመጣችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሜዲኬርም ሜዲኬይድም በአብዛኛው 5 ዓመት መቆየትን ይጠይቃሉ። እዚህ 10 ዓመት ያህል ያልሠራ ሰው፣ የትዳር ጓደኛውም ካልሠራ፣ ከሜዲኬር ውስጥ የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍነውን መድን በየወሩ እየከፈለ ነው የሚገዛው።

ሆስፒስ ብዙ ጊዜ ቦታ አይደለም። ሐኪም ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ቀርቷቸዋል ሲል፣ ሕመም የሚያስታግሱ ባለሙያዎች ታማሚው ያለበት ቦታ ድረስ ይመጣሉ፤ ቤትም ቢሆን።

የትም ብታስገቧቸው የመግቢያ ቀን አብራችሁ ዋሉ። እኛ ጋ የገቡ አንዲት እናት መዝገብ ላይ በየሳምንቱ ሁለት ቀን «ቁርስ እምቢ አሉ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሐኪሙ የምግብ ፍላጎት መክፈቻ ሊያዝላቸው ሲል ቀኖቹን አየሁ፤ ረቡዕና ዓርብ። ልጃቸውን ደውዬ ጠራሁት፤ በትልልቅ ፊደል በእንግሊዝኛ ጽፎ ከራስጌያቸው ለጠፈ፦ «ጾም ነው። ከቀትር በኋላ ሽሮ ይበላሉ፤ ወተትና እንቁላል አይቅረብላቸው።»